የሆቴል ፈርኒቸር፡- በአገር ውስጥ ማሠራት ወይስ ከውጭ ማስገባት? ለባለሆቴሎችና ለባለሀብቶች የተዘጋጀ መረጃ

አዲስ ሆቴል፣ ሎጅ ወይም የእንግዳ ማረፊያ የሚገነቡ፣ እንዲሁም ነባር ክፍሎቻቸውን የሚያድሱ ባለሀብቶች ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ፈርኒቸሩን በአገር ውስጥ አምራች ማሠራት ይሻላል ወይስ ከውጭ ማስገባት የሚለው ነው። ጥያቄው በአብዛኛው የሚነሣው ግንባታው ተጠናቆ የመክፈቻው ቀን በቀረበበት ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት የባንክ ብድሩ ወለድ እየቆጠረ፣ ሠራተኛ እየተቀጠረ፣ የእንግዶች ቅድመ ምዝገባም እየተጀመረ በመሆኑ በጥድፊያ የሚሰጥ ውሳኔ ለብዙ ዓመታት የሚዘልቅ ወጪ ያስከትላል።

ይህ ጽሑፍ ተገልጋዮች ሁለቱን አማራጮች በእኩል መለኪያ እንዲያወዳድሩ፣ ውል ከመፈረማቸው በፊት ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ነጥቦችን እንዲያውቁና ጉዳያቸውን የሚመለከተውን ተቋም እንዲለዩ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው። የጽሑፉ ዋና መልእክት የሚከተለው ነው፤ ውሳኔው ለሆቴሉ በጠቅላላ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት በተናጠል የሚሰጥ ነው። የሚወሰነውም በመግዣ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ዕቃው በሚያገለግልበት ዘመን ሁሉ በሚያስወጣው ጠቅላላ ወጪ ነው።

1. የሆቴል ፈርኒቸር ከመኖሪያ ቤት ዕቃ በምን ይለያል?

በመኖሪያ ቤት ያለ ወንበር በቀን የተወሰኑ ሰዎች ይቀመጡበታል። የሆቴል ምግብ አዳራሽ ወንበር ግን ከቁርስ እስከ እራት በየዕለቱ ብዙ እንግዶችን ያስተናግዳል፤ ለጽዳት ይነሣል፣ ይጎተታል፣ ይደራረባል። የክፍል ቁም ሣጥን በየጊዜው በተለያዩ ሰዎች ይከፈታል፣ የሻንጣ ግጭትም ያርፍበታል። በመሆኑም ለቤት ተብሎ የተሠራ ዕቃ፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ቢመረት፣ በሆቴል ውስጥ ረጅም ጊዜ አይቆይም።

በዓለም አቀፍ ገበያ ለዚህ ዓይነት አገልግሎት የወጡ የታወቁ ደረጃዎች አሉ። ኢኤን 16139 የተሰኘው የአውሮፓ ደረጃ ከመኖሪያ ቤት ውጭ ለሚያገለግሉ መቀመጫዎች ጥንካሬና ደኅንነት የወጣ ነው። አይኤስኦ 12947 የመቀመጫ ጨርቅ መፈተግን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበትን ዘዴ ይወስናል። ኢኤን 1021 ደግሞ የተለበጠ መቀመጫ በሲጋራና በክብሪት ነበልባል በቀላሉ ይያያዝ እንደሆነ ይፈትሻል። ገዢው የሚገዛውን ዕቃ ከእነዚህ ወይም ከተመጣጣኝ ደረጃዎች ጋር እያገናዘበ እንዲጠይቅ ይመከራል። ጥያቄው ለአገር ውስጥ አምራቹም ለውጭ አቅራቢውም በእኩል ሊቀርብ ይገባል።

2. ከውጭ የሚገባ ዕቃ እውነተኛ ዋጋ እንዴት ይሰላል?

ከውጭ አቅራቢ የሚመጣ የዋጋ ማቅረቢያ ብዙ ጊዜ ዕቃው በአቅራቢው ወደብ ላይ ያለውን ዋጋ (ኤፍኦቢ) ብቻ ያሳያል። በዚህ ላይ የባሕር ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ሲጨመር የሚገኘው ሲአይኤፍ ዋጋ ነው። ቀረጥና ታክስ የሚሰላውም ከዚህ ተነሥቶ ሲሆን አንዱ በሌላው ላይ እየተደመረ ይሄዳል።

ስሌቱን ለማሳየት ያህል ሲአይኤፍ ዋጋው 1,000,000 ብር የሆነና 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ በምሳሌነት እንውሰድ።

- የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ፡- 350,000 ብር
- ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በ1,350,000 ብር ላይ 15 በመቶ፡- 202,500 ብር
- ሱር ታክስ፣ በ1,552,500 ብር ላይ 10 በመቶ፡- 155,250 ብር
- ቅድመ ግብር፣ በሲአይኤፍ ዋጋ ላይ 3 በመቶ፡- 30,000 ብር
- ድምር፡- 737,750 ብር

በዚህ ምሳሌ መሠረት የአንድ ሚሊዮን ብር ዕቃ ከጉምሩክ ሲወጣ 1,737,750 ብር ደርሷል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ተጨማሪ እሴት ታክሱና ቅድመ ግብሩ የሕጉን መስፈርት ለሚያሟላ ግብር ከፋይ የሚካካሱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የጉምሩክ ቀረጡና ሱር ታክሱ ግን የዕቃው ወጪ ሆነው ይቀራሉ። የወደብ አገልግሎት፣ የአገር ውስጥ ማጓጓዣ፣ የባንክ አገልግሎትና የአስተላላፊ ክፍያ፣ እንዲሁም በሕግ የሚጣሉ ሌሎች ክፍያዎች ካሉ በተጨማሪ ይታሰባሉ። ምሳሌው የስሌቱን አካሄድ ለማሳየት የቀረበ ስለሆነ ተገልጋዮች ለዕቃቸው የሚመለከተውን ወቅታዊ ምጣኔ ከማዘዛቸው በፊት ከጉምሩክ ኮሚሽን እንዲያረጋግጡ ይገባል። ለዚህም የታሪፍ ምድቡን ማወቅ ይጠቅማል፤ መቀመጫዎች በ9401፣ ሌሎች ፈርኒቸሮች በ9403፣ ፍራሾችና የአልጋ ልብሶች በ9404 ይመደባሉ።

የኢንቨስትመንት ማበረታቻን በሚመለከት አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። የኢንቨስትመንት ፈቃድ መያዝ ብቻውን ማንኛውንም የሆቴል ዕቃ ከቀረጥ ነጻ ለማስገባት አያበቃም። ባለሀብቱ የሚያስገባው ዕቃ በማበረታቻው የተፈቀደ መሆኑን ትዕዛዝ ከመስጠቱ በፊት በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ከቀረጥ ነጻ የገባ ዕቃ ተገቢው ቀረጥና ታክስ ሳይከፈልበት መብቱ ለሌለው ሰው ሊተላለፍ እንደማይችልም መገንዘብ ያስፈልጋል።

3. የውጭ ምንዛሪ፣ ማጓጓዣና ጊዜ

የውጭ ግዢ ዋጋ የሚወሰነው ውሉ በተፈረመበት ቀን ሳይሆን ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን ባለው የምንዛሪ ተመን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ አስቀድሞ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንኮች በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በ57 ብር ስሌት 2,850,000 ብር ይጠይቅ የነበረ የ50,000 ዶላር ትዕዛዝ በ100 ብር ሲሰላ 5,000,000 ብር ይሆናል። ይህን ያህል ለውጥ በየጊዜው ይከሰታል ማለት ባይሆንም በጀት ሲያዝ ለተመን ለውጥ መጠባበቂያ መተው ተገቢ መሆኑን ያስገነዝባል።

በሌላ በኩል የአገር ውስጥ ምርትም ከምንዛሪ ተጽዕኖ ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደለም። ማጠፊያ፣ የመሳቢያ ተንሸራታች ብረት፣ ቁልፍ፣ የቀለምና የቫርኒሽ ግብዓት፣ የስፖንጅ ኬሚካልና አንዳንድ የኤምዲኤፍ ጣውላዎች ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ስለሆነም ከአገር ውስጥ አምራች ጋር ሲዋዋሉ ዋጋው እስከ ርክክብ የጸና መሆኑን ወይም የሚለወጥበትን ሁኔታ በግልጽ ማስፈር ያስፈልጋል።

ማጓጓዣን በተመለከተ ፈርኒቸር ከክብደቱ ይልቅ ቦታ በመያዝ የሚታወቅ ጭነት ነው። ወርዱ 1.2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 0.6 ሜትር፣ ቁመቱ 2.1 ሜትር የሆነ አንድ የተገጣጠመ ቁም ሣጥን 1.5 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። ባለ 40 ጫማ መደበኛ ኮንቴይነር የውስጥ ይዘቱ 67 ሜትር ኩብ ያህል በመሆኑ በስሌት ደረጃ እንኳን ከ44 በላይ ሊይዝ አይችልም፤ በተግባር ደግሞ ከዚህ ያነሰ ይሆናል። ባለ 50 ክፍል ሆቴል ለቁም ሣጥን ብቻ ከአንድ ኮንቴይነር በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። ተፈታቶ የሚጫን ዕቃ ከዚህ ቦታ ከሩብ በታች ሊወስድ ስለሚችል የማጓጓዣ ወጪውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሆኖም በቦታው ላይ የሚገጣጥም የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

የአገራችን የገቢና ወጪ ንግድ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ የሚተላለፍ ሲሆን ዕቃው ከአቅራቢው ፋብሪካ እስከ ሆቴሉ በር ድረስ የምርት፣ የባሕር ጉዞ፣ የወደብ፣ የደረቅ ወደብ፣ የጉምሩክና የአገር ውስጥ ማጓጓዝ ደረጃዎችን ያልፋል። ከእነዚህ በአንዱ የሚፈጠር መዘግየት ሌሎቹንም ያዘገያል። ክፍሎቹ ተጠናቀው አልጋ ያልገባበት ሆቴል በየቀኑ የሚያጣው ገቢና የሚከፍለው ወለድ ከዕቃው የዋጋ ልዩነት ሊበልጥ ስለሚችል ጊዜም እንደ ወጪ ሊሰላ ይገባል።

4. በአገር ውስጥ ማሠራት ያለው ጥቅምና ጥንቃቄ

የአገር ውስጥ አምራች ዋነኛ ጥቅም ቅርበቱ ነው። ግድግዳው በዕቅዱ ላይ ከተመለከተው አምስት ሴንቲ ሜትር ቢያንስ ባለሙያው መጥቶ ይለካል፤ የተበላሸ ማጠፊያ በቀናት ውስጥ ይቀየራል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ወንበሮች ቢያስፈልጉ በዚያው ልክና ቀለም ሊሠሩ ይችላሉ። ለውጭ ግዢ ግን አንድ የተሰበረ የወንበር እግር ለመተካት መለዋወጫ አስቀድሞ ካልተገዛ ወንበሩ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥቅም ወጪው በአገር ውስጥ የሥራ ዕድል የሚፈጥርና የውጭ ምንዛሪ የሚቆጥብ መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ ታምርት ንቅናቄ ካነገባቸው ዓላማዎች አንዱም በአገር ውስጥ ሊመረቱ የሚችሉ ምርቶችን በአገር ውስጥ መተካት ነው። ይሁን እንጂ ባለሆቴሉ የአገር ውስጥ ምርት የሚመርጠው ጥራቱን አረጋግጦ እንጂ ጥራቱን ትቶ ሊሆን አይገባም። አምራቹም የሚያድገው ጠያቂ ደንበኛ ሲያጋጥመው ነው።

በአገር ውስጥ ሥራ ላይ ጎልቶ የሚታየው ችግር የእንጨት ድርቀት ነው። ለቤት ውስጥ ፈርኒቸር የሚውል እንጨት የእርጥበት መጠኑ ከ8 እስከ 12 በመቶ ቢሆን ይመከራል። በክረምት ወቅት በሚገባ ሳይደርቅ የተሠራ ጠረጴዛ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መጋጠሚያው ይላቀቃል፣ በሩም ይጣመማል። በተለይ ዕቃው አዲስ አበባን በመሰለ ደጋማ ከተማ ተሠርቶ እንደ ሰመራ ወዳለ ቆላማና ደረቅ አካባቢ ሲላክ ችግሩ ይባባሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በአነስተኛ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ እንጨቱን ከመሠራቱ በፊት በጋራ መለካትና ውጤቱን መመዝገብ ነው።

የእንጨቱ ምንጭም ሊጤን ይገባል። እንደ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የአበሻ ጽድ ያሉ አገር በቀል ዛፎች ለፈርኒቸር ተፈላጊ ቢሆኑም የተፈጥሮ ደን ጥበቃ የሚደረግለት ሀብት ነው። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 በሥራ ላይ በመሆኑ ገዢው የእንጨቱን ሕጋዊ ምንጭ የሚያሳይ ማስረጃ እንዲቀርብለት መጠየቅ አለበት። በግል ይዞታ ከሚለማ ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ፣ ከቀርቀሃ፣ እንዲሁም ከፋብሪካ ጣውላዎች የሚሠሩ ዕቃዎች በአግባቡ ከተዘጋጁ ጥሩ አማራጭ ናቸው። ለኤምዲኤፍና ለቺፑድ የሚለቀቀው የፎርማልዴሃይድ ጋዝ ዝቅተኛ መሆኑን የሚያሳየውን ኢ1 የተሰኘ ምድብ መጠየቅ በተዘጋ የመኝታ ክፍል ለሚያድር እንግዳ ጤና ይጠቅማል።

5. የትኛውን ዕቃ ከየት?

የሚከተለው ክፍፍል እንደ መነሻ ሊያገለግል ይችላል።

በአገር ውስጥ ማሠራት በአብዛኛው የሚያዋጣባቸው፡- ከግድግዳ ጋር የሚገጠሙ ቁም ሣጥኖች፣ የአልጋ ራስጌዎች፣ የመቀበያ ክፍል ባንኮኒ፣ የሻንጣ ማስቀመጫ፣ ኮመዲኖ፣ የጽሕፈት ጠረጴዛ፣ የምግብ ጠረጴዛ፣ እንዲሁም የአካባቢውን ገጽታ የሚያሳዩ የቀርቀሃና የቆዳ ሥራዎች። እነዚህ በልክ የሚሠሩ፣ ቦታ የሚይዙና ተደጋጋሚ ጥገና የሚፈልጉ ናቸው።

በሁለቱም በኩል ዋጋና ማስረጃ ተጠይቆ የሚወሰንባቸው፡- የምግብ አዳራሽ ወንበሮች፣ ሶፋዎች፣ ፍራሾችና የውጭ መቀመጫዎች። በእነዚህ ላይ የጥንካሬ፣ የስፖንጅ ጥግግትና የእሳት መቋቋም ማስረጃ ወሳኝ ነው። ተራ የፖሊዩሬቴን ስፖንጅ በእሳት ሲያያዝ በፍጥነት ይነድዳል፤ የሚወጣው ጭስም መርዛማ ነው። ለሆቴል ይህ የእንግዳ ሕይወት ጉዳይ በመሆኑ በዋጋ ምክንያት የሚታለፍ አይደለም።

ከውጭ ማስገባት ተገቢ ሊሆን የሚችልባቸው፡- ዓለም አቀፍ የሆቴል ስም ባለቤቶች በውል የሚያዝዟቸው የተለዩ ዕቃዎች፣ የምርመራ ማስረጃ የግድ የሚያስፈልጋቸውና በአገር ውስጥ ያልተገኙ መቀመጫዎች፣ እንዲሁም ልዩ የብረትና የሻጋታ ሥራ የሚጠይቁ ምርቶች።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ማጠፊያና ተንሸራታች ብረት፣ የተመረመረ ጨርቅና ስፖንጅ ከውጭ ቀርቦ ዋናው አካል በአገር ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ጥራት ያለው ማጠፊያ ከጠቅላላ ዋጋው ትንሽ ድርሻ ቢይዝም የቁም ሣጥኑን ዕድሜ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው።

ለማወዳደር የዓመት ወጪን ማስላት ይረዳል። ለምሳሌ 9,000 ብር ተገዝቶ ሦስት ዓመት የሚያገለግል ወንበር በዓመት 3,000 ብር ያስወጣል። 15,000 ብር ተገዝቶ እያንዳንዳቸው 1,500 ብር በሚያስወጡ ሁለት ጥገናዎች ስምንት ዓመት የሚያገለግል ወንበር ግን በዓመት 2,250 ብር ብቻ ይሆናል። ውዱ ወንበር ርካሽ ሆኖ የሚገኘው ሊጠገን የሚችል ከሆነ ነው።

6. ከመዋዋል በፊትና በኋላ መደረግ ያለባቸው

ሀ) ልኬትን በሴንቲ ሜትር ይግለጹ። “ኪንግ” የሚለው የአልጋ መጠሪያ በአሜሪካ 193 በ203 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በእንግሊዝ 150 በ200 ሴንቲ ሜትር ነው። አልጋውን ከአንድ፣ ፍራሹንና አንሶላውን ከሌላ አቅራቢ የሚገዛ ሆቴል በስም ብቻ ካዘዘ የማይገጣጠም ዕቃ ይደርሰዋል።

ለ) የናሙና ክፍል ያሠሩ። ሙሉ ትዕዛዝ ከመስጠትዎ በፊት አንድ ክፍል በተሟላ ዕቃ ተደራጅቶ ለተወሰኑ ሳምንታት ቢሞከር ጉድለቱ በአንድ ክፍል ላይ ይታያል። የጸደቀው ናሙና እስከ ርክክብ ድረስ ለማመሳከሪያ ይቀመጥ።

ሐ) የኤሌክትሪክ ክፍል ያለበት ዕቃ፣ ለምሳሌ መብራትና ሶኬት የተገጠመለት የአልጋ ራስጌ፣ ለ220 ቮልት እና ለ50 ኸርዝ የተዘጋጀ መሆኑን ያረጋግጡ።

መ) ክፍያን ከሥራ ደረጃ ጋር ያያይዙ። ለአገር ውስጥ ሥራ ቅድመ ክፍያው በዋስትና ቢደገፍ፣ የተወሰነው ክፍያም ዕቃው ተገጥሞ ከተፈተሸ በኋላ ቢፈጸም ይመረጣል። የዘገየበት ቀን ቅጣትና የዋስትና ጊዜ በውሉ ይስፈር።

ሠ) በሌተር ኦፍ ክሬዲት ሲገዙ ባንኩ የሚመረምረው ሰነዶችን እንጂ ዕቃውን አለመሆኑን ይወቁ። ሰነዱ ከተሟላ ዕቃው ጉድለት ቢኖረውም ክፍያው ይፈጸማል። ስለዚህ ዕቃው ከመጫኑ በፊት በገለልተኛ መርማሪ ተቋም የተሰጠ የምርመራ ማስረጃ ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን አስቀድመው ያስገቡ። የእንጨት ማሸጊያውም በ56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ30 ደቂቃ መታከምን ወይም ተመጣጣኝ ሕክምናን የሚጠይቀውን ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጤና ደረጃ ቁጥር 15 ምልክት የያዘ ይሁን።

ረ) ዕቃው እንደደረሰ ይፈትሹ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚደነግግባቸው ከአንቀጽ 2266 ጀምሮ ባሉ ድንጋጌዎች ገዢው ዕቃውን መመርመርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ሳጥኖችን ሳይከፍቱ ለወራት በመጋዘን ማቆየት መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

ሰ) አለመግባባት የሚፈታበትን መንገድ ይወስኑ። ኢትዮጵያ የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ስለማወቅና ስለማስፈጸም የወጣውን የኒው ዮርክ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀች በመሆኑ በውጭ ግዢ ውል ላይ ግልጽ የግልግል አንቀጽ ማስገባት ይጠቅማል።

7. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፡- በኮከብ ደረጃ ምደባ ከውጭ የገባ ዕቃ የተሻለ ነጥብ ያሰጣል?
መልስ፡- ዕቃ ከውጭ በመምጣቱ ብቻ የተሻለ ነው ሊባል አይችልም። ሊታሰብበት የሚገባው ዕቃው የተሟላ፣ ጥራት ያለው፣ ምቹና በመልካም ይዞታ ላይ የሚገኝ መሆኑ ነው። ዝርዝር መስፈርቱን ከቱሪዝም ሚኒስቴር ማግኘት ይቻላል።

ጥያቄ፡- አነስተኛ ወርክሾፕ የ40 ክፍል ትዕዛዝ ሊረከብ ይችላል?
መልስ፡- በአቅሙ ይወሰናል። የማሽን ይዞታውን፣ የማድረቂያ ዘዴውን፣ የሠራተኛ ብዛቱንና ከዚህ በፊት ያስረከባቸውን ሥራዎች በአካል ጎብኝተው ይመልከቱ። ትዕዛዙን ለብዙ አምራቾች ሲያከፋፍሉ አንድ የጋራ ናሙና፣ አንድ ዓይነት ማጠፊያና አንድ የቀለም መለያ መወሰን ግዴታ ነው።

ጥያቄ፡- እንጨቱን ራሴ ገዝቼ ባቀርብስ?
መልስ፡- ይቻላል። ነገር ግን ከእንጨቱ ጥራት ለሚመጣ ጉድለት አምራቹን ተጠያቂ ማድረግ አስቸጋሪ ይሆናል፤ የውሉም ሕጋዊ ዓይነት ሊለወጥ ስለሚችል የሕግ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

8. የሚመለከታቸው ተቋማት

ስለ አገር ውስጥ አምራቾች መረጃ ኢንዱስትሪ ሚኒስቴርንና የክልል ኢንዱስትሪ ቢሮዎችን፤ ስለ ቀረጥና የታሪፍ ምድብ ጉምሩክ ኮሚሽንን፤ ስለ ማበረታቻ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽንን ወይም የክልል ኢንቨስትመንት ቢሮዎችን፤ ስለ ደረጃዎች የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትን፤ ስለ ፍተሻና ምርመራ የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅትን መጠየቅ ይቻላል።

ተገልጋዮች ወደ እነዚህ ተቋማት ሲቀርቡ የክፍሎቻቸውን ዕቅድ፣ የዕቃ ዝርዝርና ልኬት፣ ቢያንስ ከሁለት አቅራቢዎች የተገኘ የዋጋ ማቅረቢያ፣ እንዲሁም የንግድ ወይም የኢንቨስትመንት ፈቃዳቸውን ይዘው ቢቀርቡ ፈጣን ምላሽ ለማግኘት ያመቻል። ከሁሉም በላይ የፈርኒቸር ዝርዝሩ የሕንፃው ግድግዳና የኤሌክትሪክ መስመር ከመጠናቀቁ በፊት ቢዘጋጅ፣ በአገር ውስጥ ለማሠራትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት በቂ ጊዜ ይኖራል፤ ምርጫውም የጊዜ እጥረት ያስገደደው ሳይሆን በማስረጃ የተደገፈ ይሆናል።